ሦስተኛው ሰው ሲነግርህ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በአሶሳ ዙሪያ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የበቆሎ እሸትና ወባ። አያቱም አባቱም ይህንኑ ሲያዩ የኖሩ ገበሬ «ወባ የሚይዘው እሸት የበላን ሰው ነው» ቢል አይፈረድበትም። እምነቱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብቻም አይደለም። ወባ «ንዳድ» ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በብዙ የኢትዮጵያ ቆላዎች እሸት በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ሲከሰሱ፣ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ሲወደሱ ኖረዋል።

አሁን አንድ የጤና መልእክት እናስብ። ባለሙያው አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጦ የበቆሎ እሸት ፎቶ ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ቀይ የስህተት ምልክት ያደርግበታል፤ ከሥሩ «እሸት በቆሎ ወባ አያመጣም! ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት!» ብሎ ይጽፍና ፌስቡክ ላይ ይለቀዋል። ላይኩ ይጎርፋል። ላይክ የሚያደርገው ማን ነው? ድሮም የሚያውቀው። ገበሬው ጋ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ እሱ የሚያነበው ሌላ ነው፦ «አንተም አባትህም ስትሳሳቱ ኖራችኋል።»

የሚያስቀው ገበሬው ሙሉ በሙሉ አለመሳሳቱ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። እጮቿ ውሃ ላይ የወደቀ የበቆሎ የአበባ ብናኝ ሲመገቡ ቶሎ እንደሚያድጉና በብዛት እንደሚተርፉ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ በተደረገ ጥናትም በቆሎ በርከት ብሎ በሚዘራበት መንደር ወባው በርትቶ ተገኝቷል። እሸቱን መብላት ማንንም አያሳምምም፤ ከጓሮው በቆሎ ላይ እየበነነ ደጃፍ ያለው ያቆረ ውሃ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ግን የትንኝ ቀለብ ነው። ገበሬው ዝምድናውን አይቷል፤ መንገዱን ነው የሳተው። እንግዲህ መልእክቱ ከዚህ ቢጀምርስ? «በቆሎና ወባ አብረው ይመጣሉ ያላችሁት ልክ ነው፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ እንንገራችሁ» ቢል? ሰው ልክ መሆኑን ከነገርከው በኋላ የሚሰማህ ጆሮ፣ ስህተቱን ከነገርከው በኋላ ከሚሰማህ ጆሮ በጣም ይለያል።

ይህ ጽሑፍ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሰውን ወደ መልካም ልማድ መምራት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ ይችላሉ ባይ ነኝ። ሆኖም ኃይላቸው ያለው ብዙዎች በሚያዩበት ቦታ አይመስለኝም። መልእክት ለአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ጊዜ ከሚደርስ፣ ለአንዲት መንደር ከሦስት ከምታውቃቸው አፎች ቢደርስ ይበልጣል። ይህን ለማሳየት አሶሳን የመረጥኩት፣ እዚያ ይህ እውነት ከሌላው ቦታ ይልቅ ራቁቱን ስለሚታይ ነው።

* * *

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የሚደርሱባት አሶሳ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ክልል የሆነው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መላው ክልል 784 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍለ ከተማ ቢገጣጠሙ የሚሞላው ቁጥር ነው። ቋንቋው ግን በቁጥሩ ልክ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አሶሳ ገበያ የቆመ ሰው ሩጣንኛ፣ ኦሮምኛና የሱዳን አረብኛ ባንድ ላይ ይሰማል። ሩጣንኛ የምንለው የበርታን ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የበርታ ልጅ ቋንቋውን የሚማረው በላቲን ፊደል ነው፤ አያቱ ግን ማንበብ ከቻሉ የሚያነቡት ምናልባት ቁርኣን የተማሩበትን አረብኛ ነው። ታዲያ «በአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀ ፖስተር» ስንል በየትኛው ፊደል፣ ለየትኛው ትውልድ?

ቴሌግራም ላይ ያለችው ትንሿ የማይክሮፎን ምልክት ይህን ጥያቄ ሳትጠይቅ መልሳዋለች። ሩጣንኛ የማይጽፍ ሰው ሩጣንኛ ይናገራል። ጣቱን ምልክቷ ላይ ያሳርፋል፣ ይናገራል፣ ይለቃል። ማንበብ የማትችል እናት ትሰማዋለች። የጽሑፍ ታሪክ እምብዛም ለሌላቸው ቋንቋዎች የዚህ ዘመን ትልቁ ስጦታ የድምፅ መልእክት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በድንበሯ ኩርሙክ በኩል ሲገቡ ደግሞ የድምፅ መልእክቱም ድንበሩን ዘልሎ ይሄዳል፤ በርታ በሁለቱም አገር ያለ ሕዝብ ነውና። የወዲያኛው ዘመድ ዋትስአፕ ይልካል፣ የወዲህኛው ቴሌግራም።

ይህን ብዬ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስበት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በመላው ኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ተብሎ የተቆጠረው 7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከመቶ ሰው 5 ወይም 6 እንደ ማለት ነው። ከነዚህም የሚበዛው ከተሜ ነው። ከተሜውም ውስጥ የሚበዛው ወንድ ነው። በአሶሳ ዞን በመንጌ ወይም በሆሞሻ ገጠር አጎበሩን የምትዘረጋው፣ ልጁ ሲያተኩሰው የምታድረው፣ ጤና ኬላ የምትወስደው ደግሞ ሴቷ ናት። ስልኩ ያለው ኪስ ሌላ፣ ሥራው ያለው እጅ ሌላ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህችን አንዲት ነገር ዘለው ስለሚያልፉ ነው ሐሳባቸው መሬት የማይነካው።

* * *

ለምሳሌ የያዝኩት ልማድ አጎበር መዘርጋት ነው። ለምን አጎበር? እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20፣ 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በጥሬ ቁጥር ኦሮሚያና አማራ ይበልጣሉ፤ ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲሰላ ግን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ አብዝቶ ከሚያጠቃቸው ክልሎች ተርታ ነው።

አጎበር ደግሞ ሰውን ለማስለመድ ከባድ የሆነበት ምክንያት አለው። በአሶሳ ቆላ ሌሊቱ ይሞቃል፤ አጎበር ውስጥ ይበልጥ ይሞቃል። ይህ የዛሬ ማታ ዋጋ ነው። ጥቅሙ ግን የዛሬ ማታ አይደለም። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ስለሆነ፣ አጎበር ሳይዘረጋ ያደረበትን ሌሊትና የታመመበትን ቀን የሚያገናኝ ሰው የለም። አጎበሩ ሲሠራ ደግሞ የሚሆነው ነገር ምንም አለመሆን ነው። ያልታመመ ልጅ ወሬ አይሆንም፤ «ልጄ ዛሬም ወባ አልያዘውም» ብሎ ቡና ላይ የሚያወራ የለም። ስለዚህ አጎበር ከአልጋ ወርዶ የእህል ማስጫ፣ የችግኝ አጥር፣ ወይም ዓሣ ማጥመጃ ሲሆን ሰዎቹን ሞኝ ማለት አይገባም። እነዚያ ጥቅሞች በዓይን ይታያሉ።

የማይታየውን ጥቅም ሊያሳይ የሚችል አንድ ነገር ቢኖር የሌላ ሰው ድርጊት ነው። እኔ የማላየውን ጥቅም ጎረቤቴ አይቶት ይሆናል ብዬ እከተላለሁ። ጎረቤቴ ብቻውን ከሆነ ግን «እሱ ደግሞ ሲበዛበት ነው» እላለሁ። ሁለተኛው ሲያደርገው ዞር ብዬ አያለሁ። ሦስተኛው ሲጨመር አለማድረጌ ነው የሚያሳፍረኝ።

ይህን በቁጥር ያሳየ ሰው አለ። ዴመን ሴንቶላ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሙከራ ነው። 1,528 ፈቃደኞችን በኢንተርኔት አገናኘ፤ እያንዳንዱ ጥቂት የጤና ባልንጀሮች ተሰጡት። ልዩነቱ በአገናኘበት መንገድ ላይ ነበር። ከፊሎቹን እንደ መንደር አያያዛቸው፤ የአንዱ ባልንጀራ የሌላውም ባልንጀራ ነው። ሌሎቹን እንደ ትልቅ ከተማ በተናቸው፤ መስመሩ ሩቅ ይደርሳል እንጂ እርስ በርስ አይነካካም። ከዚያ አንድ ጠቃሚ የጤና አገልግሎት ላይ የመመዝገብን ልማድ በመካከላቸው ዘራና ጠበቀ። ወሬ ቢሆን ኖሮ በተበተነው መረብ ይፈጥን ነበር፤ ወሬን ለማመን አንድ ሰው ይበቃልና። ልማድ ግን ሌላ ሆነ። በመንደሩ ዓይነት መረብ 54 በመቶው ሲመዘገብ በተበተነው 38 በመቶው ብቻ ተመዘገበ፤ የመንደሩ ፈጥኖም ጨረሰ። ሰዎቹን ያነቃነቃቸው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ባልንጀራ የመጣው ተመሳሳይ ምልክት ነበር።

የበርታን ዋዛ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ሙከራ አያሻውም። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩንባ ነው። አንዱ ጥሩንባ ብቻውን አንዲት ድምፅ ወይም ሁለት ነው የሚያወጣው፤ ለብቻው ቢነፋ ጩኸት ነው። ነፊዎቹ ተሰልፈው እያንዳንዱ በተራው የራሱን ድምፅ ሲወረውር ነው ዜማው የሚወጣው። ዜማው የማንም አይደለም፣ ግን ሁሉም ሰው እግሩን ያነሳል።

* * *

በኢትዮጵያ ታሪክ ለብዙ ሰው የደረሰው የጤና መልእክት የትኛው ነው ቢባል እኔ በ2012 ዓ.ም. የሰማነውን የስልክ ጥሪ እላለሁ። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን አገር መግባቱ ከታወቀ በኋላ ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ድምፁን አንስቶ የመከላከያ ምክር አስገባበት። ለእናትህ ስትደውልም፣ ለአበዳሪህ ስትደውልም «እጅዎን ይታጠቡ» ትባላለህ። በዚያው ሳምንት ሹመታቸው የጸደቀው የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ደግሞ በየቀኑ የተመረመረውን፣ የተያዘውንና ያረፈውን ሰው ቁጥር በትዊተር ያወጡ ነበር። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ነበሩ። የሚኒስትሯ ቁጥር በተለይ መተማመንን ሠርቷል፤ ከሐሜት የሚቀድም አንድ ምንጭ ነበረና። የስልኩ ምክር ግን ወር ሳይሞላው እንደ ወፍጮ ድምፅ ሆነ፤ አለ፣ አይሰማም።

እጅ መታጠብን ያስለመደን ምን ነበር? የማስታውሰው በየሱቁ ደጅ የተቀመጠውን ባለ ቧንቧ ጀሪካን ነው። ከፊትህ ያለው ታጥቦ ሲገባ አንተ ሳትታጠብ ማለፍ ታፍራለህ። ጀሪካኑ ሲነሳ ልማዱም ተነሳ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ፌስቡክ ራሱ 61 ሚሊዮን አሜሪካውያን ላይ የሞከረው ነገር እዚሁ ላይ ያርፋል። በምርጫው ቀን ለአብዛኞቹ «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» ከሚል መልእክት ጋር አስቀድመው «መርጫለሁ» ያሉ ጓደኞቻቸውን ፊት አሳያቸው። ለጥቂቶቹ መልእክቱን ብቻ፣ ያለ ፊት። ለሌሎች ጥቂቶች ምንም። በኋላ ከምርጫ መዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ መልእክቱን ብቻ ያዩት ምንም ካላዩት ሰዎች በምንም አልተለዩም! የጓደኞቻቸውን ፊት ያዩት ግን ወጡ፤ የቅርብ ጓደኞቻቸውንም ይዘው ወጡ። ባጠቃላይ 340 ሺህ ገደማ ተጨማሪ ድምፅ እንደተገኘ አጥኚዎቹ አስልተዋል። ለኔ ከነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚከብደው መሐል ላይ ያለው ባዶ ነው። ትክክለኛ፣ ንጹሕ፣ በሰዓቱ የደረሰ መረጃ፣ ፊት ስላልነበረው ብቻ ምንም አልሠራም።

ራሴም ላይ ደርሷል። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ ምርመራ ረጅም ጽሑፍ ለጥፌ ነበር፤ ተጨንቄበትም ነበር። ሁለት ሰው የእጅ ጭብጨባ ምልክት አስቀመጠልኝ፣ ነገሩ በዚያ አለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ላከች፦ «እኔ ተለካሁ፣ ጣቴን ነው የወጋችኝ፣ እንደ ትንኝ ነው፣ እናንተስ?» ብላ። በዚያ ሳምንት አራት ሰው ተለካ። የኔ ጽሑፍ ውስጥ የሌለ አንድም የሕክምና መረጃ አልጨመረችም። «እናንተስ?» የምትለዋን ብቻ።

* * *

አጎበር ያልተጠቀመን ሰው ማንም አይወቅሰውም። የሴት ልጅ ግርዛትን ያህል በሌላ ሰው ዓይን የታሰረ ልማድ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ልማዱ በአሶሳ ዞንም አለ፣ በሕግም ወንጀል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። በዚያው ጥናት ስለ ልማዱ ከሚያውቁት ሴቶች 79 በመቶው መቆም አለበት ብለዋል። ወንዶቹ ደግሞ ከሴቶቹም በልጠው 87 በመቶ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው። ከአምስት ሴት አራቱ ይቁም ይላሉ። እያንዳንዷ ግን ሌሎቹ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ ብላ ታስባለች፤ ልጇ ባል እንዳታጣ፣ ጎረቤት እንዳይጠቋቆምባት ትፈራለች። ሁሉም የማይፈልገውን ነገር ሁሉም ለሌላው ሲል ያደርገዋል። እዚህ ላይ መልእክት አዘጋጆች የሚሠሩት ትልቁ ስህተት «ግርዛት አሁንም በስፋት ይፈጸማል!» ብለው በደማቅ መጻፋቸው ነው። ደንግጠው፣ በቅን ልብ። የፈራችው እናት ግን የምትሰማው «እንዳሰብሽው ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ነው። አራት እናቶች በየራሳቸው ድምፅ «እኔ ልጄን አላስገርዝም» ብለው ቢናገሩ፣ አምስተኛዋ የፈራችው ነገር አለመኖሩን ትሰማለች። አንዲት ታዋቂ አርቲስት ብትናገረው ግን «እሷማ አዲስ አበባ ነው ያለችው» ይባላል።

* * *

አንድ ሰው በግ ገዝቶ ከገበያ ሲመለስ ስለገጠመው የሦስት ሌቦች ተንኮል የሚያወራ ተረት አለ። አንደኛው ሌባ መንገድ ላይ ያገኘውና «ይህን ውሻ የት ትወስደዋለህ?» ይለዋል። ሰውዬው ይስቃል። ሁለተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ያንኑ ይለዋል፤ ሰውዬው በጉን መለስ ብሎ ያየዋል። ሦስተኛው ሲደግመው ገመዱን ጥሎት ይሄዳል።

እስካሁን ሳመሰግነው የቆየሁት መንገድ ይኸው ነው። ውሸትም በሦስት አፍ ነው የሚያሸንፈው። ኮሮና ሰሞን ፌጦና ዝንጅብል ያስወደደው ከአክስት ወደ አክስት የሄደ ድምፅ ነበር። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ነገሩ ከፌጦ እጅግ የከፋ ነበር። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በካማሺና በመተከል ዞኖች ለፈሰሰው ደም ማኅበራዊ ሚዲያን ብቻ መክሰስ ታሪክን ማቃለል ነው፤ የመሬት፣ የአስተዳደርና የታጠቁ ኃይሎች ጉዳይ ነበር። ግን ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባስታወቀ ሰሞን ፌስቡክን የከፈተ ሁሉ ሐዘኑ እንዴት ወደ በቀል ጥሪ እንደሚዞር አይቷል። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ መስከረም 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ከማያንማር ጎን የኢትዮጵያን ስም የጠራችው ያለ ነገር አልነበረም። የኩባንያው ሥርዓት የሚያስቆጣውን ያስቀድማል፤ ቁጣ ደግሞ ሰውን ስልኩ ላይ ያቆያል።

አገራችን የሰጠችው መልስ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። ሕግ የሚቆጠር ነገር መፈለጉ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የብዙ መልእክት አዘጋጆች ስህተት ያለበት ነው፤ ኃይል ያለው ብዙ ተከታይ ያለው ዘንድ ነው ብሎ ያስባል። ከሁሉም የሚያስፈራው መልእክት 40 ሰው ባለበት የአብሮ አደጎች ግሩፕ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ተከታይ የለውም፣ የሚያውቁህ ብቻ ናቸው ያሉት። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው «ይህን ፎቶ ከየት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቅ ከአዋጁ የበለጠ ይሠራል፤ ሁለተኛው ቢደግምለት ደግሞ በጉ በግ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለክልሉ ሕዝቦች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጉሙዞች ደም ሲፈስ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ማንጊማ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሺናሾችም ከቤተሰብ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ የዳኝነት እርከን አላቸው። ሁለቱም የሚጀምሩት ሰውን ከሚያውቁት ሰዎች መካከል ነው።

* * *

በቶሎ ላልፈው የምፈልገው ነገር የአንድ ቀን ዘመቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ ቁጥሩን የተጠራጠሩም ነበሩ። ፎቶው ግን አገር አጥለቀለቀ፤ እጁ ጭቃ የነካ ሚኒስትር፣ ተማሪ፣ ዘፋኝ። ማኅበራዊ ሚዲያ ለእንዲህ ያለው ቀን የተፈጠረ ይመስላል። እዚሁ ክልል ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በ8100 አጭር መልእክት መዋጮ ተሰብስቦለታል፤ ጉባን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው በስልኩ ተሳትፏል። ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ በቀጥታ ስርጭት ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ገንዘብ ሲያሰባስብም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ የተሳኩት ድርጊቱ ስልኩ ውስጥ ስለሚያልቅ ወይም በአንድ ቀን ስለሚያልቅ ነው።

የማያልቀው ነገር ሲመጣ እሳቱ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2012 ፌስቡክ አሜሪካውያን የአካል ክፍል ለጋሽ መሆናቸውን ገጻቸው ላይ እንዲያሳውቁ ሲያደርግ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 13,054 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከተለመደው 21 እጥፍ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ማዕበሉ በአብዛኛው ረግቶ ነበር። ለአንድ ጊዜ ምዝገባ ይህ ድል ነው። አጎበር ግን በዓመት 365 ሌሊት ነው። ችግኝም የሚሞተው ፎቶ ከተነሳ በኋላ፣ በጥር ነው።

* * *

ስለዚህ አሶሳ ላይ ቢሆንልኝ ምን አደርግ ነበር? በመጀመሪያ ገጽ አልከፍትም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይህች አገር በየቀበሌው ሁለት ሁለት እያደረገች የመደበቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሏት፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች። ማን ቤት ስልክ እንዳለ፣ ማን አጎበሩን ለዓሣ እንደሰጠ፣ ማን ልጅ እንደተኛበት ያውቃሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ቋንቋ እነሱ ናቸው መረቡ። ብዙዎቻችን ግን የፌስቡክ ገጻችንን ተከታይ ስንቆጥር እነሱን ፖስተር አመላላሽ አድርገናቸዋል።

ቀኑን ነሐሴ መጨረሻ አደርገዋለሁ፤ ወባው መስከረም ላይ ሲነሳ መስበክ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ መቅዳት ነው። ባለሙያዋ የቀበሌዋን ሦስት ሰዎች ትመርጣለች። ዝናቸው አይጠቅመኝም፤ ቡና የሚጠራሩ ቢሆኑ ይበልጥብኛል። አንዷ በሩጣንኛ ከደቂቃ ያነሰ ድምፅ ትቀርጻለች። በቆሎውንና ትንኟን ታነሳለች፣ ምክር ሳታስመስለው፤ «እኔ ትናንት ማታ አጥቤ ሰቀልኩት፣ ሙቀቱን ለመድኩት፣ ልጆቹ ከውስጥ ናቸው፤ እናንተስ?» ትላለች። ፎቶ አያስፈልግም፤ የሰው መኝታ ቤት የአደባባይ ነገር አይደለም፣ በሙስሊም ቤት ደግሞ ይበልጡኑ። ሁለተኛዋ በማግስቱ ትመልስላታለች። ዳታው ርካሽ ነው፣ ድምፅ ከቪዲዮ ያንሳልና ኔትወርክ ሲደክምም ይገባል።

ድሮ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ከሼር ቁልፍ በጣም ይቀድማል፤ ከሼር ቁልፍም ይበልጣል፣ አሰሚው ፊት ለፊት ቆሞ ስለሚያሰማ። ስልኩ የባል ነው ብለናል። ባልየው ማታ ገብቶ ድምፁን ጮክ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ሚስቲቱ የጎረቤቷን ድምፅ ለይታ ትስቃለች፣ «ደግሞ እሷ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነችው» ትላለች። በማግስቱ የሁለተኛዋን ትሰማለች፤ አሁን አትስቅም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጀሪካኗን እየሞላች ሳለ አጠገቧ ያለችው ሴት፣ ስልክም የሌላት፣ ግሩፕም የማታውቅ፣ ዞር ብላ «አንቺስ ሰቀልሽው?» ትላታለች።